ሬይኖልድ ጆንሰንና የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ

በአገራችን በብሔራዊ ፈተና መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ትክክል የመሰለውን ፊደል በእርሳስ አጥቁሮ ያስረከበ ተማሪ ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀው፣ ከአንድ አሜሪካዊ መምህር ሐሳብ ጋር የተዋወቀ ነው። ያው ተማሪ አድጎና ሥራ ይዞ ላፕቶፑን ሲከፍት፣ ከወራት በፊት ያስቀመጠውንም ሰነድ ሲፈልግ፣ ከዚያው ሰው ሁለተኛ ሥራ ጋር ይገናኛል። የሁለቱም ሥራዎች ባለቤት ሬይኖልድ ጆንሰን ይባላል። በሙያው ዓለም ስሙ የታወቀ፣ በስሙም ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሰየመለት ቢሆንም፣ በእኛ ዘንድ የሕይወት ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በመሐንዲሶች መካከል እንኳ ብዙ አይደለም።

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ከሙያችን ቀደምት ሰዎች ስለ አንዱ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ጆንሰንን የመረጥሁት፣ በምሠራበት በሰንጋ ተራ አካባቢ ደጋግሞ በሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ሰንጋ ተራ፣ ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውስ ሰፈር፣ ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች የተደረደሩበት፣ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም የሚገኝበት ሥፍራ ነው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወዳጆቼና የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሡ፣ ወይም ያላቸው ሲንቀራፈፍባቸው፣ አንድ ቴራ ባይት የሚይዘው ዲስክ ግማሽ ቴራ ባይት ከሚይዘው ይፈጥናል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ እንዴታ ብሎ ዋጋውን ይጨምራል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። የቦታ ስፋትና የሥራ ፍጥነት እንዴት እንደሚዛመዱ ለመረዳት የሚሻለው መንገድ፣ ዲስኩ በተፈጠረበት ጊዜ ፈጣሪዎቹ ምን ፈልገው እንደነበር መመልከት ነው።

ጆንሰን በ1906 ጁላይ 16 ቀን በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ከስዊድን ፈልሶ ከመጣ ቤተሰብ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1929 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የተቀበለው ዲግሪ በትምህርት አስተዳደር ነበር። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕይወቱ ዘመን ከ90 በላይ የፈጠራ መብቶችን ያስመዘገበው ሰው ወደ ምሕንድስና የገባው በመምህርነት በር ነው፤ እንደሚመስለኝም እስከ መጨረሻው ያስጨነቀው ጥያቄ የመምህር ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል። ሰው የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ ስለ ምን ይህን ያህል ይጠብቃል? ስንቶቻችን ነን ከዲግሪያችን ስም ውጭ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የምንደፍር?

ከምረቃው በኋላ በሚሺጋን ግዛት አየንውድ በምትባል ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ጀመር። የተማሪ ፈተና ማረም ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ጆንሰን ይህን ድካም በማሽን ለማቅለል ሲያስብ የልጅነት ተንኮሉ ትዝ አለው ይባላል። ልጅ ሳለ እሱና እኩዮቹ በፎርድ መኪና ካንዴላ ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምሩ ነበር። በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ፣ ብልጭታ መስጠት የሚገባው ኃይል በመስመሩ በኩል ሾልኮ ይጠፋና መኪናው አልነሣም ብሎ ባለቤቱን ያስለፋዋል። እንግዲህ የእርሳስ መስመር ሽቦ መሆን ከቻለ፣ በፈተና ወረቀት ላይ የሰፈረ የእርሳስ ምልክትም ሽቦ መሆን ይችላል። በትክክለኛው መልስ ቦታ ላይ ባሉት ምልክቶች የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ድምር በመለኪያ ላይ ሲነበብ የተማሪው ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ችግሩ ግን ተማሪ ሁሉ እኩል የማያጠቁር መሆኑ ነው። አንዱ ተጭኖ ይጽፋል፣ ሌላው እንደ ነገሩ ጫር አድርጎ ያልፋል፤ የምልክቱ ድምቀት ሲለያይ የሚያሳልፈው ኃይልም ይለያያል፤ ድምሩም ይዛባል። ጆንሰን መፍትሔውን ያገኘው በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ከምልክቱ እጅግ የሚበልጥ ሬዚስተር በመጨመር ነው። ትልቁ እገታ ሁሉንም ስለሚጫናቸው በደማቁና በፈዛዛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የማይገባ ሆነ። ትንሽ የምትመስል ነገር ናት፤ ማሽኑን ከመጫወቻነት ወደ መሣሪያነት ያሸጋገረችው ግን እርሷ ናት። አይ.ቢ.ኤም. በመጀመሪያ ፊቱን ቢያዞርበትም፣ በኋላ የማሽኑን መብት ገዝቶ በ1934 ጆንሰንን በኒው ዮርክ ግዛት በኤንዲኮት በሚገኘው ላቦራቶሪው ቀጠረው። መሣሪያውም በ1930ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ወጣ። በእኛ ዘመን የመልስ ወረቀትን የሚያነብበው መሣሪያ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ክቡን በእርሳስ የማጥቆሩ ልማድ ግን ከዚያ ዘመን የወረደ ነው።

በኤንዲኮት ወደ 18 ዓመት ያህል ሠራ። በ1952 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው በምዕራቡ ጠረፍ፣ በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ፣ አንድ አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቁም ብሎ ላከው። በኖትር ዳም ጎዳና ቁጥር 99 ሕንፃ ተከራይቶ ወጣት መሐንዲሶችን ሰበሰበ። ምን ይሠራ የሚለውን እንዲመርጥ ሰፊ ነፃነት ተሰጥቶት ነበር። የመረጠው ችግር የጥበቃን ችግር ነው።

ያን ጊዜ የድርጅቶች መረጃ በቀዳዳ በሚጻፍ ካርድ ላይ ይቀመጥ ነበር። ካርዶቹ ተደርድረው በማሽን ውስጥ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ማግኔታዊ ቴፕም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተጠቀለለ በመካከሉ ያለውን አይሰጥም። ስለዚህ ሥራ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ የአንድ ደንበኛን ሒሳብ አሁኑኑ ማየት የፈለገ ሠራተኛ ግን ከካርድ ሣጥኖች መካከል በእጁ እየፈለገ ያወጣል። ይህን ለማስረዳት ለእኛ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ፊት ቆሞ ቁጥሩን ሰጥቶ የጠበቀ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። የካርዱ ብዛት ሐኪሙን አላዘገየውም፤ ያዘገየው ወደ አንዷ ካርድ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ጆንሰን የፈለገው ከብዙ ሺህ መዝገቦች መካከል ወደ ማናቸውም ቢሆን፣ ሌሎቹን ሳይነካ፣ በቀጥታ የሚደርስ መሣሪያ ነበር። እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ሲፀነስ የታሰበው ብዙ ለመያዝ ብቻ አልነበረም፤ ቶሎ ለመድረስም ጭምር ነው። ይህ እውነት ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ በሰንጋ ተራ ሱቅ መስኮት ላይ በተለጠፈች የዋጋ ወረቀት ተሸፍኖ እናገኘዋለን።

የጆንሰን ሰዎች ከበሮ፣ ሽቦ፣ ዘንግ፣ የቴፕ ቁራጭና ሌላም ሌላም ሞከሩ። በአገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ጄኮብ ራቢኖው በ1952 ስለ ማግኔታዊ ዲስኮች ያሳተመው ሐሳብም ረድቷቸዋል። በ1953 መጀመሪያ ላይ ዲስክ ተመረጠ፤ ምክንያቱም የዲስክ ሁለቱም ገጾች ሊጻፍባቸው ስለሚችል ብዙ ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ሲደረደሩ በጥቂት ቦታ ብዙ ገጽ ይገኛል። ሐሳቡን የማይሆን አድርገው የቆጠሩት ጥቂቶች አልነበሩም። ስስ የአሉሚኒየም ሳሕን ሲሽከረከር ይርገበገባል፤ የሚያነብበው ራስ ደግሞ ገጹን ሳይነካ እጅግ ተጠግቶ መቆም አለበት። ለዚህ በሰጡት መፍትሔ፣ በራሱ ቀዳዳዎች የሚወጣ የታመቀ አየር በገጹና በራሱ መካከል ስስ ትራስ ሆኖ ለያያቸው። ገጹን የሚለብሰውን የብረት ኦክሳይድ ቀለም እኩል አድርጎ መቀባትም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ቀለሙን በሴቶች ናይለን ስቶኪንግ አጥልለው፣ በወረቀት ኩባያ መጥነው፣ በሚሽከረከረው ዲስክ መካከል ላይ አፈሰሱት፤ ሽክርክሪቱ ራሱ እስከ ጠርዙ አዳረሰው። የዘመናችን ትልቁ የመረጃ ኢንዱስትሪ በስቶኪንግና በወረቀት ኩባያ መጀመሩን ሳስብ፣ የጎደለ መሣሪያ ባለበት የምንሠራ መሐንዲሶች ምክንያታችን ይሳሳብኛል።

በ1954 ፌብሩዋሪ 10 ቀን ከካርድ ወደ ዲስክ የተጻፈ ጽሑፍ ከዲስኩ ተመልሶ ወደ ካርድ ወጣ። በ1956 ጁን ወር የመጀመሪያው መሣሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የዜለርባክ ወረቀት ኩባንያ ተላከ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ራማክ በሚል ስም ለዓለም ተነገረለት። የዲስክ ክፍሉ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ዲስኮች በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 100 ክብ መስመሮች ወይም ትራኮች አሉ፤ በአንዱ ትራክ ላይ 500 ፊደላት ይጻፋሉ፤ በጠቅላላው 5 ሚሊዮን ፊደል ይይዛል። ይህ ዛሬ አንድ ፎቶግራፍ ከሚወስደው ቦታ ብዙም አይበልጥም። ከዚህም የበለጠ እንዲይዝ ማድረግ ይቻል ነበር፣ ነገር ግን የኩባንያው የሽያጭ ክፍል ያን ያህል ቦታ ለማን ይሸጣል ብሎ አልፈለገውም ተብሎ ይነገራል። የሽያጭ ሰዎች ከዚያ ወዲህ እንደ ተለወጡ የሰንጋ ተራ ገዢ ይመሰክራል።

ፍጥነቱስ? ራማክ 100 ገጾች ቢኖሩትም የሚያነብበው በአንድ ክንድ ነበር። ክንዱ የሚፈለገው ዲስክ ያለበት ከፍታ እስኪደርስ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ከዚያ በዲስኮቹ መካከል ገብቶ በትራኩ ላይ ይቆማል። ይህ በአማካይ 600 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለት ከግማሽ ሴኮንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይወስድ ነበር። ከደረሰ በኋላ በሴኮንድ 8,800 ፊደላት ያነብባል። በእጅ ካርድ ሲፈልግ ለኖረ ሠራተኛ ይህ ተአምር ነበር፤ በ1958 በብራስልስ የዓለም ትርዒት ላይም መሣሪያው በ10 ቋንቋዎች ጥያቄ እየመለሰ ሕዝብ ሲያስገርም ሰነበተ።

እዚህ ላይ የእኛን ጥያቄ እናንሣው። ማናቸውም የሚሽከረከር ዲስክ ሦስት ጊዜዎች አሉት፤ ክንዱ ወደ ትራኩ የሚሄድበት፣ የሚፈለገው ጽሑፍ ዞሮ ከራሱ ሥር እስኪደርስ የሚጠበቅበት፣ በመጨረሻም የሚነበብበት። ለላፕቶፕ የተሠራ የተለመደ ባለ አንድ ቴራ ባይት ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ክንዱ በአማካይ 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይጓዛል፤ ግማሽ ዙር ለመጠበቅ 5.6 ሚሊ ሴኮንድ ይጨመራል። ተከታታይ ጽሑፍ ሲሆን በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ባይት ገደማ ያነብባል። ከራማክ ጋር ስናስተያየው መያዣው 200,000 ጊዜ አድጓል፤ የንባቡ ፍጥነት 11,000 ጊዜ ያህል፤ የመድረሻው ጊዜ ግን የተሻሻለው 34 ጊዜ ብቻ ነው። ሌላም ሒሳብ አለ። ራማክን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ፣ የክንዱን ጉዞ ሳንቆጥር፣ ከ10 ደቂቃ ያነሰ ይበቃ ነበር፤ ያን ቴራ ባይት ለመጨረስ ግን ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያስፈልጋል። በረቱ እጅግ ሰፋ፤ በሩም ሰፋ፤ ነገር ግን እንደ በረቱ አልሰፋም። የሰንጋ ነጋዴ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል።

ስለዚህ ቦታ ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል ወይ የሚለው ቦታው በተጨመረበት መንገድ ይወሰናል። በዚያው ሳሕን ላይ ጽሑፉ ይበልጥ ተጠጋግቶ ከተጻፈ፣ በአንድ ዙር ከራሱ ሥር የሚያልፈው ፊደል ይበዛልና ንባቡ ይፈጥናል። አይ.ቢ.ኤም. በ1961 ባወጣው 1301 በተባለው ዲስክ ላይ ይህ ታየ፤ ጽሑፉ ጠበቅ ብሎ መጻፉ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱ አንባቢ ስለ ተሰጠው ክንዱ መውጣት መውረዱን ተወ፤ መያዣውና ፍጥነቱ አብረው አደጉ። ቦታው የተጨመረው ሁለተኛ ሳሕን ከሥር በመደረብ ከሆነ ግን፣ በአንድ ጊዜ የሚያነብበው አንድ ራስ ብቻ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በነበረበት ይቀራል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ በብዙ የቅርብ ጊዜ የላፕቶፕ ዲስኮች ላይ ትራኮቹ እንደ ቤት ክዳን ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ይጻፋሉ። እንዲህ ያለው ዲስክ ብዙ ይይዛል፣ ሲነበብም ደኅና ነው፤ አንዱን ለማረም ግን አጠገቡ ያሉትን ደግሞ መጻፍ ስለሚያሻው በሥራ ሲወጠር ይንቀራፈፋል። እዚህ ላይ ትልቁ ከትንሹ ያንሳል።

የዲስኩ መሙላትም የራሱ ጉዳት አለው። በራማክ ላይ የውጪውም የውስጡም ትራክ እኩል 500 ፊደል ይይዙ ነበር። የዛሬው ዲስክ ግን ረጅሙን የውጪ ክብ በረጅምነቱ ልክ ስለሚጠቀምበት፣ በውጪው በኩል ያለው ጽሑፍ ይፈጥናል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ከውጪ ወደ ውስጥ ስለሆነ መጨረሻ የመጣው ሰነድ የከፋውን ቦታ ይወስዳል፤ ያውም ባዶ ቦታ በተገኘበት ተበጣጥሶ። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ በልዩ ልዩ ቦታ የተበተኑ 2,000 ቁርጥራጮችን ቢፈልግ፣ ለእያንዳንዱ ወደ 18 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ስለሚያስፈልግ ጠቅላላው 35 ሴኮንድ ይሆናል፤ ዲስኩ ግማሽ ቴራ ይሁን ሁለት ቴራ ይህ እምብዛም አይለወጥም። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን አንዱን ቁራጭ በ0.1 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ስለሚያደርስ ያንኑ ሥራ ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል። በዚህኛውም ቢሆን ስፋት ፋይዳ አለው፤ ሰፋ ያለው ብዙ ቺፖችን ጎን ለጎን ስለሚያሠራ በተለይ ሲጽፍ ይፈጥናል፤ እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ አስቀድሞ የጠራ ቦታ አጥቶ ይዘገያል። ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ባዶ መተው ይበጃል።

ለጠየቁኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር ከዚህ የሚከተል ነው። ያለው ገንዘብ ትልቅ የሚሽከረከር ዲስክ ወይም አነስ ያለ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚገዛ ከሆነ ሁለተኛውን ይውሰዱ፤ የቆዩ ፎቶግራፎችና ፊልሞች በውጭ ዲስክ ላይ ይቀመጡ። የላፕቶፑ ሜሞሪ ጠባብ ከሆነም አስቀድሞ እርሱ ይታይ፤ ሜሞሪ ሲያጥር ኮምፒዩተሩ ዲስኩን እንደ ሜሞሪ ሊጠቀምበት ይገደዳልና። አንድ የማውቃቸው አዛውንት የሒሳብ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ዲስክ አስቀይረው፣ ሁለት ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለው፣ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ያው መሣሪያ በጥበቃ ሲያስመሻቸው አይቻለሁ። ጆንሰን ከመምህርነት ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየው ጥበቃ ይኸው ነበር።

እሱ ግን በዲስክ ብቻ አልቆመም። ለሕፃናት ትምህርት የሚሆን ምስል በግማሽ ኢንች ቴፕ ላይ ተቀድቶ በትንሽ ሣጥን ውስጥ እንዲዘጋ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው፤ ሕፃን እጅ ላይ ቴፕ እንዳይበላሽ ማለቱ ነበር። በ1971 ከአይ.ቢ.ኤም. በጡረታ ከወጣ በኋላም በፓሎ አልቶ የራሱን ትንሽ ድርጅት ከፍቶ፣ ገጹ ሲነካ ለልጆች የሚናገር መጽሐፍ የሚሠራበትን ጥቃቅን የድምፅ መቅጃ ፈለሰፈ። እንደገና መምህር ሆነ ማለት ነው። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1998 ሴፕቴምበር 15 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በ92 ዓመቱ በፓሎ አልቶ ዐረፈ። ከዚያ ከተማ ብዙም በማይርቀው በማውንቴን ቪው በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም፣ በበጎ ፈቃደኛ መሐንዲሶች የታደሰ አንድ የራማክ ዲስክ ለጎብኚ ይታያል፤ ክንዱ ወጥቶ ወርዶ፣ በዲስኮቹ መካከል ገብቶ፣ ከሰባ ዓመት በፊት ይደርስ በነበረበት ጊዜ ይደርሳል።